የጓድ ፈለቀ ልብ

ዳኜ ክላሹን በግራ ትከሻው አንግቶ የቀጨኔን ዳገት እየሮጠ ይወጣል፤ ዘኪያም ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ ከኋላው ታለከልካለች። ኅዳር የታጠነው ትናንት ስለነበር በየደጁ የተቃጠለው ጥራጊ ገና ይጨሳል። ጭሱ ዓይኗን ቢያቃጥላትም አላቆመችም። አብዮት ጥበቃ «ቶሎ» ካለ ቶሎ ነው፤ ይህን በስድሳ ዘጠኝና በሰባ ዓመተ ምሕረት ያልተማረ ሰው በእኛ ሠፈር የለም።

ዘኪያ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። ትልቅ ትንሹ «ሲስተር» ይላታል። ዳኜ ረፋዱ ላይ መጥቶ ሕፃናት ከምትከትብበት ክፍል አስጠራትና፣ ጓድ ሊቀመንበር በጣም ታመዋል፣ ማንም እንዳይሰማ አላት። ምን እንዳገኛቸው ብትጠይቀው ግራና ቀኙን ቃኝቶ ወደ ዳገቱ መራት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ትንፋሹን ሲሰበስብ ግን እንደምንም ተናገረ።

«መድኃኒት ይዘዋል» አላት፤ መሬት መሬቱን እያየ።

ዘኪያ ባለችበት ቆመች።

በአገራችን «መድኃኒት ይዟል» ከተባለ ሰውየው ኮሶ ጠጥቷል ማለት ነው። የዚያን ቀን በሩ ይዘጋል፤ እንግዳ ከደጅ ይመለሳል፤ የክስ መጥሪያ የያዘ እንኳ ነገ እመጣለሁ ብሎ ይሄዳል። ጨዋ ሰው ይህን ሲሰማ «ያሽረው» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል እንጂ አንዲት ቃል አይጨምርም። ዳኜም ነውሩ ጠፍቶት አልነበረም፤ ፍርሃቱ ከነውሩ ስለበለጠበት ነው።

ጓድ ፈለቀ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። «ናቸው» ማለት ይገባ ነበር፤ ምላሴ እምቢ ካለኝ ምን ላድርግ። በየእሑዱ ስብሰባ ኮሶን፣ ዛርንና ጠንቋይን በአንድ ቅርጫት ከትቶ «ኋላ ቀር ልማድ» እያለ ሲያብጠለጥል አጨብጭበንለታል። ባለፈው መስከረም የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሲከበርና ፓርቲው ሲመሠረት ግን ከቁርጡ ጠረጴዛ የቀደመው አልነበረም። ያኔ የወሎ ሰው በረሃብ እያለቀ መሆኑን በሹክሹክታ እንሰማ ነበር፤ እሱ ቢላዋውን እያፋጨ ሻኛ ከዳቢት ያማርጣል። የበላው ጥሬ ሥጋ ሆዱ ውስጥ የኮሶ ትል አበቀለ። ከጤና ጣቢያው ክኒን ለመጠየቅ አፈረ፤ ለፓርቲ አባልነት የታጨ ሰው እንዴት ኮሶ አለብኝ ይላል? ሚስቱ ደሳለች የነቢያት ጾም ሳይገባ ብላ፣ እንደ እናቶቿ ወግ የኮሶውን አበባ ወቅጣ፣ ነፍታ፣ በጥብጣ ጎሕ ሲቀድ አጠጣችው።

ኮሶ ጤነኛ ሰውን ያንገላታል እንጂ ብዙ ጊዜ አይገድልም። የጓድ ፈለቀ ልብ ግን ጤነኛ አልነበረችም። ይህን ከሚስቱና ከዳኜ በቀር በሠፈሩ የምታውቀው ዘኪያ ብቻ ነበረች።

ነገሩ የሚጀምረው ከልጅነቱ ነው። ፈለቀ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ነው። ጉሮሮው ክረምት በመጣ ቁጥር ያብጥ ስለነበር እናቱ እንደ ጊዜው ልማድ እንጥሉን አስቆረጡለት። እንጥል ቢቆረጥ ግን የጉሮሮው በሽታ አብሮ አይቆረጥም። ትኩሳቱ ጉልበቱንና ክርኑን አሳበጠው፤ ከዚያም ወደ ልቡ ወርዶ ደም ከሚያሳልፉት መዝጊያዎች አንዱን አቆሰለው። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ሆነ፤ ጠባሳው ዓመት በዓመት እየጠበበ ሄደ። ደሙ በጠባቡ በር ሲጋፋ የልቡ ጓዳ ተለጠጠ፤ የተለጠጠ ጓዳ ደግሞ የምት ሥርዓት አይጠብቅም። በሆስፒታሉ ያየው ሐኪም ይህን ለዘኪያ ሲያስረዳት፣ ያኔ በልጅነቱ ለጉሮሮው ፔኒሲሊን ተወግቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር ብሏታል።

አሁን መርፌው በየወሩ ሆነ። ሌላ ሁለት ክኒን ታዘዘለት። አንዱ ውኃ የሚያሸና ነው፤ እግሩ እንዳያብጥና ትንፋሹ እንዳያጥር። ሁለተኛው ዲጎክሲን ይባላል፤ ለምትጋልብ ልብ ልጓም ነው። ልጓም ግን ልክ አለው፤ ከልኩ ካለፈ ያንቃል። ስለዚህ ዘኪያ በየሳምንቱ ቤቱ እየሄደች የእጁን ምት እንድትይዝ ታዘዘች። ሊቀመንበሩ ጤና ጣቢያ ተሰልፎ እንዲታይ አልፈለገም፤ ባለሥልጣን ታመመ ከተባለ ወንበሩ ላይ ዓይኑን የሚጥል አይጠፋም።

የዚህ ሰው እጅ በጣቶቿ መካከል ሲገባ ምን እንደሚሰማት ዘኪያ ለማንም አልተናገረችም ነበር፤ ለእኔም የነገረችኝ ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው። ልቡ አንዴ ትጋልባለች፣ አንዴ ትዘገያለች፣ ሁለቱን አከታትላ መትታ ሦስተኛውን ትረሳለች፤ ጀማሪ ሸማኔ እንደሚወረውረው መወርወሪያ፣ መቼ እንደምትመጣ አይታወቅም። ዘኪያ እየቆጠረች፣ አሁን ብትቀር ምናለ እያለች ትመኝ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

የተወጋችው በወንድሟ በጀላል በኩል ነው። እናታቸው እትዬ ጀዊሪያ ከወሎ መጥተው ሽሮ ሜዳ ላይ ክርና ማግ የሚነግዱ ሴት ናቸው። የፈለቀም አባት ክር የሚወስዱት ከእሳቸው ሱቅ ስለነበር ልጆቹ አብረው ኳስ ተራግጠዋል፣ ከአንድ ሰፌድ ቆሎ ዘግነዋል። በሰባ ዓመተ ምሕረት አንድ ጠዋት ፈለቀ፣ ያኔ የአብዮት ጥበቃ አዛዥ ነበር፣ ሱቁ በር ላይ ቆመና «እትዬ ጀዊሪያ፣ ለጥያቄ ነው፤ አሁን ይመለሳል» ብሎ ጀላልን ይዞት ሄደ። ጀላል በዚያው ቀረ፤ ሬሳውም አልተሰጠም። መሞቱ ሲሰማ እትዬ ጀዊሪያ ግቢያቸው ውስጥ ጮኹ። ጩኸታቸው ሳያባራ ፈለቀ ዳኜን አስከትሎ ገባና፣ ለፀረ-አብዮት አይለቀስም አላቸው። ከዚያ ዘኪያን በጣቱ አሳያቸው።

«ድምፅዎን ከሰማሁ ይችንም እጨምራታለሁ።»

እትዬ ጀዊሪያ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ አላለቀሱም። የጎረቤት ለቅሶ ሄደው ይቀመጡ ነበር እንጂ ድምፅ አይወጣቸውም ነበር። ሰባት ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ከአልጋ መነሣት እንኳ ከብዷቸው ቀናቸውን ይጠብቃሉ፤ የሚሉትም አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄን ሳላለቅስለት አልሙት» ይላሉ። ዘኪያ ለእናቷ ከዚህ ሌላ አትመኝም፤ ለፈለቀ የምትመኝለትን አላህ ያውቃል። ቂም ተይዞ ጸሎት ሳል ተይዞ ስርቆት ይባላል፤ እሷ ቂሟን ይዛ በሽተኛ ስታስታምም ኖረች።

የሊቀመንበሩ ቤት ከባለቤቱ የተወረሰ ቪላ ነው። ደሳለች በረንዳው ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር፤ በእጇ የተከደነ ጣሳ ይዛለች። ዘኪያን ወደ ጥግ ሳብ አድርጋ፣ ከጎሕ ጀምሮ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው እንደዋለ፣ ትሉ ግን እንዳልወረደለት ነገረቻት። ያልወረደ ኮሶ ሰውን ሰቅዞ እንደሚይዝ፣ እንደሚያጥወለውልና ላብ ላብ እንደሚያሰኝ ከእናቷ ሰምታለች። መፍትሔውም የታወቀ ነው፤ ይደገምለታል። ጣሳው ውስጥ ያለው ሁለተኛው ነበር።

«ልቤን ልቤን ስላለ ነው እንጂ እኔስ ልሰጠው ነበር» አለች ደሳለች። «ልድገምለት፣ ሲስተር?»

ዘኪያ ጣሳውን አየችው። ራሷን አንድ ጊዜ ብትነቀንቅ በቂ ነበር። መርፌ አታነሣ፣ ክኒን አትለውጥ፣ እጇም አይቆሽሽ። ኮሶ የገደለው ሰው እሱ የመጀመሪያው አይደለም፤ ለምን ሞተ ብሎ የሚጠይቅም የለም፣ ቤቱ ያፍራላ። የወንድሟ ደም በፈለቀ ሚስት እጅ በጣሳ ሊመለስላት መጥቶ ደጅ ቆሟል። የበረንዳውን ምሰሶ ተደገፈች።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ልየው» አለች።

ክፍሉ ውስጥ ሦስቱ ባለጺም ፈረንጆች ከግድግዳው ላይ ያያሉ፤ ከሥራቸው ጓድ ፈለቀ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ተጋድሟል። ስትገባ አላወቃትም። መጋረጃውን ማን ቀየረው ብሎ ጠየቀ። መጋረጃው እንደ ወትሮው ነጭ ነው፤ ለእሱ ግን ቢጫ ሆኖበታል፤ ግድግዳውም፣ የዘኪያ ጋውንም ቢጫ ሆኖበታል። እጁን ያዘችው። ልቡ ዛሬ አትጋልብም። ትመታና ትቆማለች፤ ዘኪያ ትጠብቃለች፤ ስትዘገይ ስትዘገይ፣ በቃ ስትል፣ ሁለት ሦስቱን አንዱ በአንዱ ላይ ደራርባ ትመታለች። ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጋ ደግማ ሰማች፤ ያው ነው።

ክኒኑን እንዴት እንደወሰደ ጠየቀችው። ትናንት ልቡ ስለዘለለችበት ተጨማሪ ዲጎክሲን ወስዷል። ዛሬም ከኮሶው በፊት፣ ያበረታኛል ብሎ ሁለት ደርቧል። ውኃ የሚያሸናውንም አልተወም።

ነገሩ ሁሉ ለዘኪያ ግልጽ ሆነ። ልብ የምትረጋው በደም ውስጥ ባለ አንድ ጨው ነው፤ ፖታሲየም ይሉታል። የሚያሸናው ክኒን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲወስድበት ቆይቷል፤ የተረፈውን ኮሶው በትውከትና በተቅማጥ አጥቦ አወጣው። ያ ጨው ሲጎድል ዲጎክሲን መድኃኒትነቱ ይቀራል፣ መርዝ ይሆናል፤ ዓለምን ቢጫ የሚያደርገውም እሱ ነው። የደሳለች ጣሳ ከተደገመ ልቡ ወይ እንደ እብድ ተርገብግባ ወይ ጸጥ ብላ ትቀራለች። ማዳኑ ደግሞ ከባድ አይደለም። ክኒኑን ማቆም፣ ኮሶውን መድፋት፣ በውኃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ዱቄት ማጠጣት፣ ውስጡ ያ ጨው አለ፤ ከዚያ በቶሎ ወደ ሆስፒታል። ዱቄቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

ደሳለችንና ዳኜን ከክፍሉ አስወጥታ በሩን ዘጋች። ከዚያም ወንበር ስባ ተቀመጠች። በዚያ ቤት ተቀምጣ አታውቅም።

«ፈለቀ» አለችው።

ሊቀመንበሩ ዓይኑን ገለጠ። በዚህ ሠፈር ያለ ጓድ፣ ያለ እርስዎ ከተጠራ ስንት ዘመኑ። ዘኪያ ለሌላ በሽተኛ እንደምታስረዳው አስረዳችው፤ ክኒኑ ከኮሶው ጋር ምን እንዳደረገበት፣ ልቡ ለምን እንደምትቆም፣ ሁለተኛው ጣሳ ምን እንደሚያደርስበት፣ ምን ቢደረግ እንደሚተርፍም ነገረችው። እየሰማት ላብ አጠመቀው።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት።

«መልስህን። እናቴ ጀላልን ታልቅስ። የዕድሩ ድንኳን ከቀበሌው መጋዘን ይውጣ፤ በግቢያችን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ ይተከል። አንተም መጥተህ ትቀመጣለህ።»

ፈለቀ ለመሣቅ ሞከረና ሳል ያዘው። ነገሩ የተዘጋ ነው አላት፤ አብዮታዊ እርምጃ ነው፣ የእሱ የግል ውሳኔ አልነበረም። በሚቀጥለው ወር የአባልነቱ ጉዳይ በኮሚቴ ይታያል፤ ለፀረ-አብዮት ድንኳን ያስተከለ ሰው ራሱም ፀረ-አብዮት ነው ይሉታል። ዘኪያ ከወንበሯ ሳትነቃነቅ አዳመጠችው። ቁጣዋ በጣም ስለበዛ ድምፅ አልነበረውም። አለመበገሯን ሲያይ የድሮው ፈለቀ መለስ አለ።

«ዳኜን ብጠራው ምን እንደሚያደርግሽ ታውቂያለሽ?»

«ጥራው። ክላሽ ልብ አያክምም።»

ተነሥታ በሩን ከፈተችና ደሳለችን፣ ጣሳውን አምጪው አለቻት። ሴትዮዋ እፎይ ብላ ይዛ ገባች፤ ከራስጌው በርጩማ ላይ አስቀምጣለት፣ ያሽርህ ብላ ወጣች። ዘኪያ ክዳኑን አነሣች። የኮሶው ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«ሚስትህ ድገም ትላለች፤ እኔም አልከለክልህም። ጠጣ።»

ጣሳውን አየው። ልክ በዚያች ቅጽበት ልቡ ቆመች፤ ራሱም ዐወቀው። አፉ እንደተከፈተ ቀረ፤ አንድ እጁ የአንሶላውን ጫፍ ጨብጦ ሌላው አየሩን ይቧጥጣል። ዘኪያም ዐወቀች፤ ጣቷ እጁ ላይ ነበር። አልተንቀሳቀሰችም። ጠበቀች። ከዚያ ደረቱ በአንድ ትልቅ ምት ተናወጠ፤ ትንፋሹ ተመለሰ። እሷ በኋላ እንዳለችኝ፣ በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት ደስ ብሏት አያውቅም፤ እንደዚያች ቅጽበት ራሷንም ፈርታው አታውቅም።

«ሆስፒታል ውሰዱኝ» አለ ፈለቀ በቀጭን ድምፅ።

«ይወስዱሃል። ሐኪሙ ምን ጠጣ ሲል ደሳለች በኮሶ ታፍራለች፤ ዳኜ የክኒኑን አያውቅም። እስክትደርስ አንደበት ከተረፈህ ራስህ ትነግረዋለህ።»

ፈለቀ ማልቀስ ጀመረ። ማንም ሳይሰማ፣ በቤታቸው፣ በራቸውን ዘግተው ያልቅሱ፤ እኔ አልሰማሁም እላለሁ አላት። በዚያን ጊዜ ዘኪያ ድምፅዋን ሳታነሣ የመለሰችለት ቃል ነው የጣለው።

«ማንም ሳይሰማስ ሰባት ዓመት አለቀሰች።»

ልቡ ደግሞ ቆም አለች። እሺ አለ። እሺ፣ ይሁን፣ ድንኳኑን ውሰዱ። ዘኪያ ግን «የምትነግረው ለእኔ አይደለም» ብላ ዳኜን ጠራችው። ዳኜ ገብቶ አልጋው ግርጌ ቆመ፤ ሊቀመንበሩም እየተቆራረጠ አዘዘው። እሑድ ከመጋዘን ድንኳን አውጥተህ በእትዬ ጀዊሪያ ግቢ ትተክላለህ አለው።

«የማን ለቅሶ ነው ልበል፣ ጓድ?» አለ ዳኜ። መጋዘን ጠባቂው እንደሚጠይቀው ያውቃል።

ፈለቀ ወደ ዘኪያ ዞረ። እሷ ዱቄቱን በብርጭቆ ውኃ በጥብጣ ይዛለች፤ አላቀበለችውም።

«የጀላል» አለ።

ያ ስም በቀበሌው ሹማምንት አፍ ከተጠራ ሰባት ዓመቱ ነው። ዳኜ የዚያን ዕለት ግቢ ውስጥ ከፈለቀ ኋላ የቆመ ሰው ነውና ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም። እሺ ብቻ ብሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ዘኪያ ነርስ ነበረች። ኮሶውን በመስኮት ደፋችው። ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ ይዛ ፉት ፉት እያደረገች አጠጣችው። ደሳለችን ክኒኑን ነጠቀቻትና ሙዝ ከተገኘ ፈልጊ አለቻት። ከከፍተኛው አስተዳደር በተመደበለት ላዳ ዳኜ እየነዳ፣ እሷ ከኋላ ሆና እጁን ይዛ ሆስፒታል አደረሱት፤ ለሐኪሙም አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ጨውን በደም ሥሩ በቀስታ አንጠበጠቡለት፤ የልቡን ምት በመሣሪያ እየተከታተሉ ጠበቁት፤ ዲጎክሲኑን አቋርጠው ኋላ በትንሹ መለሱለት። ልቡ ዳነች አልልም። ወደ ቀድሞው ብልሹ ምቷ ተመለሰች፤ ለመኖር ያህል።

ሰው ከሞት ሲመለስ ቃሉን መርሳቱ ያለ ነው። ቅዳሜ ደሳለች ወደ ዘኪያ መጣችና፣ ድንኳኑ ለጊዜው ይቆይ፣ እሱም ገና አልጠነከረም ይላል አለቻት። ዘኪያ ሲሪንጅ እየቀቀለች ነበር፤ ቀና አላለችም። የፊታችንም ወር መርፌ የምወጋው እኔ ነኝ በይው አለቻት።

እሑድ ድንኳኑ ተተከለ። ሰው ግን አልመጣም። በመምጣት ፈንታ ከየአጥራችን ቀዳዳ እያየን ቀረን፤ ወጥመድ ይሆናል አልን። ለቅሶ ተብሎ ተጠርቶ የሄደን ሰው ስም መዝግበው ቢወስዱስ? እትዬ ጀዊሪያ በባዶው ድንኳን መካከል ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ሼህ በጥግ በኩል ዱዓ ያደርጋሉ። እናትዮዋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቢለብሱም እንባ የለም። ሰባት ዓመት የታፈነ ለቅሶ ተፈቀደልህ ስለተባለ ብቻ አይወጣም። ዘኪያ ከጎናቸው ሆና ፊቷን ስትደብቅ አየኋት፤ የዚያን ሁሉ ድፍረት ፍሬ አጣሁ ብላ እንደነበር ነግራኛለች።

ላዳው መጣ። ጓድ ፈለቀ ካኪውን ለብሶ በዳኜ ተደግፎ ወረደ። ሲራመድ ሠፈሩ ትንፋሹን ዋጠ። ድንኳኑ ውስጥ ገባ፤ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ጎንበስ ብሎ ሊቀመጥ ሲል እትዬ ጀዊሪያ ቀና ብለው አዩት።

«የት ጣላችሁት?» አሉት። እንደ ተራ ጥያቄ ነበር የጠየቁት።

«አላውቅም፣ እትዬ ጀዊሪያ። መኪናው ወሰዳቸው። ወዴት እንደሄደ... አልጠየቅሁም።»

«አልጠየቅህም» አሉ እሳቸው።

ከዚያ «ጀላል» ብለው ጮኹ። ያን ድምፅ እንዴት ብዬ ልጻፈው? የአንዲት አሮጊት ጉሮሮ ያን ሁሉ ከየት እንዳወጣው አላህና እግዜር ይወቁ። ልጄን፣ የእኔን ቁመና፣ ክር ሲያማርጥ ደስ የሚለኝን ልጄን እያሉ ደረታቸውን መቱ፤ ዘኪያም አብራ ጮኸች። ፍርሃታችን የት እንደገባ አላውቅም። መጀመሪያ ጥጥ ፈታይዋ ማሚቴ አጥሩን ጥሳ እየሮጠች ገባች። እሷ ግን ጀላል አላለችም። «ብርሃኔ! ብርሃኔ ልጄ!» አለች፤ የእሷም በዚያው ዓመት ነው የተወሰደው፣ የእሷም አልተለቀሰለትም። ከእሷ ኋላ አንዲት እናት «ሬድዋንዬ» እያለች ገባች። ከዚያ ከየበሩ፣ ከየቅያሱ ሰው ጎረፈ፤ ሁሉም የየራሱን ስም ይዞ ይመጣል። ድንኳኑ ሲሞላ ግቢው ሞላ፣ ግቢው ሲሞላ መንገዱ። እኔም ገባሁ። «ኃይለ መለኮት፣ ወንድሜ» አልሁ፤ ስሙን ጮክ ብዬ ስጠራ ድምፄን አላወቅሁትም።

ጓድ ፈለቀ በመካከላችን ተቀምጧል። የነካው ሰው የለም፤ ወደ እሱ ያየም ብዙ የለም። ስሞቹ ግን አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ እሱም እያንዳንዱን ያውቃል። ፊቱ አመድ መሰለ። ሊነሣ ሞከረ፣ መውጫ ግን አልነበረውም፤ ለቀስተኛው በር ድረስ ሞልቷል። ወደ ዘኪያ ተጠግቶ፣ ልቤ ልትቆም ነው፣ እባክሽ አውጪኝ አላት።

ዘኪያ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ እጁን ያዘች። ሳትቸኩል አዳመጠች። ልቡ እንደ ልማዷ ትረግጣለች፣ ትስታለች፣ ደግሞ ትረግጣለች።

«ምንም አልሆነችም» አለችው። «ተቀመጥ።»

ለቅሶው እስኪበተን ድረስ እጁን አልለቀቀችውም።